ሽቶም በጠርሙሱ፣ ሰውም በጠረኑ አይፈረድበት

በዚህ መጽሔት ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ፣ ስለ ፈተና ውጤት መዘግየት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ስለ አፍንጫ ግን እስከ ዛሬ የጻፈ ስላላየን፣ በአንድ ክፍል የምናድር አራት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህችን አጭር ሐሳብ ለማቅረብ ተነሣን። ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን። የምንጽፈው ስለ ሽቶ ቢሆንም የተነሣነው ከአንድ በደል ነው፤ በደሉንም የፈጸምነው እኛው ነን።

ከአራታችን አንዱ የመጣው ከጎጃም ገጠር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ለመንገድ ሲነሣ እናቱ ራሱን ቅቤ ቀብተው፣ ራሳቸው ፈትለው ያሠሩለትን ጋቢ አልብሰው ሸኙት። ጋቢው የምድጃ ጢስ፣ የቅቤና የአደስ ጠረን ነበረው። ሻንጣውን ይዞ ሲገባ ሦስታችን ተያየን። አንዳችን ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፤ አንዳችን «ቅቤ ተራ ገባን እንዴ?» አለ፤ አንዳችን ሣቀ። እርሱ ምንም አልመለሰም። በማግሥቱ ጋቢውን አጠበው፤ በሦስተኛውም ቀን ደገመው፤ በደንብ ሳይደርቅ አጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። በትምህርት ክፍልም ከሰው ራቅ ብሎ በስተኋላ መቀመጥ ጀመረ። ከወር በኋላ ከቤት ከተላከለት ጥቂት ገንዘብ ላይ ቀንሶ «ፓሪስ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ሽቶ ገዛና እስክናስል ድረስ ተረጨው። ያን ጊዜም ሣቅን። ቅቤ ሲሸት ሣቅን፤ ሽቶ ሲሸት ሣቅን፤ እንግዲህ ምን እንዲሸት ነበር የፈለግነው?

ይህን የምንጽፈው እርሱ ፈቅዶልን፣ ጽሑፉንም አብሮን አርሞ መሆኑን እናስታውቃለን።

ነገሩ መጀመሪያ የቆረቆረው የሐረሩን ልጅ ነው። «ይህ የገዛኸው አብዛኛው አልኮል ነው፤ እኛ ቤት ሽቶ ይቀባል እንጂ አይረጭም» አለው። በተከታዩ ቅዳሜ መርካቶ ወርዶ አምስት ትንንሽ ብልቃጥ ይዞ ተመለሰ፤ ጽጌረዳ፣ ዑድ፣ ሰንደል፣ ነጭ ምስክና ጃስሚን። ሻጩ ከትልልቅ ጠርሙሶች በመርፌ እየቀዳ ነው የሰጠው። ሁሉም ዘይት ነው። በሚረጨውና በሚቀባው መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ነው። አልኮል ከገላ ላይ ወዲያው ይተንና መዓዛውን ይዞ ክፍሉን ይሞላል፤ ዘይት ግን ባለበት ተኝቶ በገላ ሙቀት ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። የዘይት ሽቶ የተቀባን ሰው የሚያውቀው እጁን የጨበጠው ወይም አጠገቡ የተቀመጠው ብቻ ነው።

የሐረሩ ልጅ አሳብ ይህ ነበር፤ አራታችንም አንድ ዓይነት ዘይት እንቀባ፣ ማን ምን እንደሚሸት እንጻፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚሥቅ ይሣቅ። አምስት ሌሊት፣ በየሌሊቱ አንድ ዘይት ሞከርን። ክንዳችንን በአንድ ዓይነት ሳሙና ታጥበን በእጃችን አንጓ ላይ አንድ አንድ ጠብታ አኖርን። የራሳችንንም የጓደኞቻችንንም እጅ ወዲያው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላና ጧት ስንነሣ እያሸተትን፣ ሳንነጋገር ጽፈን ኋላ አነበብነው።

በመጀመሪያው ሌሊት ጽጌረዳን ቀባን። በብልቃጡ አፍ ላይ የሁላችንም ፍርድ አንድ ነበር፤ ከረሜላ። በቆዳ ላይ ግን ተለያየ። በሐረሩ ልጅ እጅ ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ጠፋ። በአዲስ አበባው ልጅ እጅ ላይ ኮምጠጥ ብሎ የከረመ ጠላ መሰለ። በጎጃሙ ልጅ እጅ ላይ ግን ሰፋ፣ ረጋ፣ የማር እንጀራ የሚመስል ጣፋጭነት አወጣ፤ ጧትም ድረስ ነበረ። እውነተኛ የጽጌረዳ ዘይት አንድ ኪሎ ለማውጣት ከ3,000 ኪሎ የማያንስ የአበባ ቅጠል ስለሚፈልግ፣ በእኛ አቅም የተገዛው ጽጌረዳ አበባ አይቶ እንደማያውቅ እንረዳለን። ቢሆንም ያው አንድ ብልቃጥ በሦስት ሰው ላይ ሦስት ነገር ሆነ።

በሁለተኛው ሌሊት ዑድ ነበረ። ዑድ በእስያ የሚበቅል የአንድ ዛፍ እንጨት ነው፤ ዛፉ ቆስሎ ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያፈልቃል፤ መዓዛውም ያ ሙጫ ነው። ጤነኛው እንጨት ይህ መዓዛ የለውም። ብልቃጡ ሲከፈት የጎጃሙ ልጅ «በረት» ብሎ ጻፈ፤ የሊሙው ልጅ «ርጥብ ቆዳና መድኃኒት» አለ፤ የሐረሩ ልጅ ግን «ሠርግ ቤት» ብሎ ጻፈ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በረቱ ለቀቀ፤ የተቃጠለ ስኳርና የደረቀ እንጨት መጣ። ጧት የሁላችንም ወረቀት ላይ አንድ ቃል ተገኘ፤ ዕጣን። አንድ ነገር በምሽት በረት፣ በጧት ቤተ ክርስቲያን ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ሌሊት በፊት አናውቅም ነበር።

ሰንደል በሦስተኛው ሌሊት መጀመሪያ አሳፈረን። በብልቃጡ ውስጥ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሞቅ ያለ ወተት የመሰለ፣ ከእንጨት መላጊያ ጋር የተቀላቀለ ለስላሳ መዓዛ ከእያንዳንዳችን እጅ ወጣ፤ በማግሥቱም ከትራሳችን አልለቀቀም። በሱቅ መደርደሪያ ፊት ብንፈርድበት ኖሮ «ውሃ ነው» ብለን መልሰነው ነበር።

የነጭ ምስክ ሌሊት ጠብ ልናነሣ ነበር። ሦስታችን «የታጠበ ልብስ፣ ፀሐይ የመታው አንሶላ» ስንል የሊሙው ልጅ ምንም አልሸተተውም። በብልቃጡም፣ በራሱም እጅ፣ በእኛም እጅ አፍንጫውን ቢያስጠጋ ምንም። «ተስማምታችሁ እያሾፋችሁብኝ ነው» ብሎ ተቈጣ። አላሾፍንም ነበር። ምስክ በጥንት ከተራራ አጋዘን ዕጢ ይወጣ ነበር፤ የዛሬው በላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። መጀመሪያ የተገኘውም አልበርት ባወር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1888 ስለ ፈንጂ ሲመራመር በአጋጣሚ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሌላው ሁሉ ጤናማ አፍንጫ ያለው ሰው አንዳንዱን የምስክ ዓይነት ፈጽሞ ላያሸት ይችላል።

አምስተኛው ጃስሚን ነበረ። በሐረሩና በጎጃሙ ልጅ እጅ ላይ የማታ አበባ፣ ከባድና ጣፋጭ ሆነ። በአዲስ አበባው ልጅ እጅ ላይ ግን ልብስ ብል እንዳይበላው ከሣጥን የሚከተተውን ናፍታሊን ሸተተ። እርሱም ተናደደ። ነገር ግን ምክንያት አለው። በጃስሚን አበባ ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ፤ በዓይነ ምድርም ውስጥ ይገኛል። በብዛት ሲሆን ያስጠላል፤ በጥቂቱ ሲሆን አበባውን አበባ የሚያሰኘው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ጥቂት አንብበን የደረስንበት እንዲህ ነው። አንደኛው ምክንያት ቆዳ ነው። ቅባት ያለው ቆዳ መዓዛን ይይዛል፤ ደረቅ ቆዳ ቶሎ ይለቃል። የገላ ሙቀት፣ ላብ፣ በቆዳችን ላይ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳትም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በሽቶ ውስጥ ያሉት ነገሮች እኩል አይተኑም፤ ሎሚና ብርቱካን በደቂቃዎች ይሸሻሉ፣ አበቦች ይከተላሉ፣ እንጨትና ሙጫ መጨረሻ ይቀራሉ። በሱቅ ውስጥ ክዳኑን አሽትቶ የሚገዛ ሰው ቤት ድረስ የማይከተለውን ነገር ነው የሚገዛው። ሦስተኛው ምክንያት አፍንጫችን ራሱ ነው። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል በ1991 መዓዛ ተቀባዮቹን የሚሠሩትን ጂኖች አገኙ፤ ለዚህም በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሰው ልጅ ወደ 400 የሚጠጉ የተቀባይ ዓይነቶች ሲኖሩት፣ የአንዱ ሰው ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ሽቶ አሽትተው ባይስማሙ አንዱ የግድ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነው። አፍንጫ ለረጅም ጊዜ አብሮት የቆየውን ጠረን መስማት ይተዋል። ጓደኛችን ያን ሽቶ እስክናስል የተረጨው ስለዚህ ነው፤ ለራሱ ጠፍቶበት ነበር። ቅቤውንም አልሰማውም ነበር፤ የቤቱ አየር ነበርና። እንግዲያው እኛስ የራሳችንን መቼ እንሰማለን? ይህን ጥያቄ ለጎጃሙ ልጅ ስናቀርብለት፣ «እናንተ መስኮት ስትከፍቱ እኔ የፈራሁት እንዳትዘጉት ነበር፤ ካልሲያችሁን ታስታውሱታላችሁ?» አለን። የሣቀብን ያን ጊዜ ነው፤ ይገባንም ነበር።

የዘይቱ ሙከራ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር። ነገር ግን ምስክ ያልሸተተው የሊሙ ልጅ «እኔም የራሴን ላሽትታችሁ» ብሎ ከቤት የመጣለትን በወረቀት የተጠቀለለ ዝባድ አወጣ። ዝባድ ከጥርኝ ዕጢ የሚፋቅ ቅባት ነው፤ አገራችን ከጥንት ጀምሮ በቀንድ ውስጥ እያሸገች ለዓለም ስታቀርብ የኖረችው እርሱን ነው። ወረቀቱ ሲፈታ አራታችንም ወደ መስኮቱ ሮጥን፤ ባለቤቱም ጭምር። ከዚያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ወስዶ በሰሊጥ ዘይት በጣም አቀጠናትና ሁለት ቀን አቆያት። በሦስተኛው ቀን በእጃችን ላይ ስንቀባው ያ ሽታ አልነበረም። ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን አናት የመሰለ ነገር ነበር። ያንን የሚሸሸውን ጽጌረዳ በላዩ ላይ ስንጨምርበት ደግሞ በሐረሩ ልጅ እጅ ላይ እንኳ እስከ ጧት ቆየ። የሽቶ ቀማሚዎች ዝባድን የፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው። በ1921 በወጣው በታወቀው ሻኔል ቁጥር 5 ውስጥ ዝባድ ነበረበት። በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት የዝባድን ዋና መዓዛ አካል አሠራር ገለጸ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። በቀንድ ሲወጣ አፍንጫችንን የያዝንበትን ነገር፣ በጠርሙስ ሲመለስ ደመወዛችንን ሰጥተን ኖረናል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ሆኖም የሊሙው ልጅ አንድ ነገር እንድንጨምር አሳስቦናል፤ ጥርኙ ዕድሜውን የሚያሳልፈው ለመዞር በማይበቃ ጠባብ በረት ውስጥ ነው። በአገር ዕቃ መኩራት የእንስሳን ስቃይ አይሸፍንም፤ ዛሬ አብዛኛው ሽቶ ቀማሚ ሰው ሠራሹን መጠቀሙም ክፉ አይደለም።

በመጨረሻው ሌሊት የጎጃሙ ልጅ ምንም ሳይናገር ሻንጣውን ከፈተ። ከጋቢው ሥር አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ። እናቱ አደስ ደቁሰው ከቅቤ ጋር ያዋሐዱለት ነበረች፤ እኛ ከሣቅንበት ቀን ጀምሮ አልተከፈተችም። ቅቤው ከርሞ ስለ ነበረ መጀመሪያ ሰነፈጠ፤ ይህን አንደብቅም። በእጃችን ላይ ሲቀልጥ ግን ስንፈጣው ቀለለና አደሱ ወጣ፤ መረር ያለ አረንጓዴ፣ ዝናብ ያጠበው ቅጠል የመሰለ መዓዛ። «ቅቤ ተራ ገባን እንዴ?» ያለው ጓደኛችን በወረቀቱ ላይ፣ «ምን እንደምል አላውቅም፤ ግን እጄን አልታጠብሁም» ብሎ ጻፈ።

በፈረንሳይ አገር ግራስ በምትባለው የሽቶ ከተማ ሠራተኞች ለብዙ ዘመን የሚከተሉት አንድ ዘዴ ነበራቸው። በመስተዋት ላይ የእንስሳ ስብ ይቀቡና የጃስሚን አበባ ይደረድሩበታል፤ አበባውን እያነሡ በአዲስ እየተኩ ስቡ መዓዛውን እስኪጠግብ ይቆያሉ። ዓለም ያደነቀው ሽቶ ከዚያ ስብ ይወጣ ነበር። የጓደኛችን እናት በአደስና በቅቤ የሠሩት ከዚህ በምን ይለያል? ስብ መዓዛን እንደሚይዝ አውቀዋል፤ መዓዛው ገላ ላይ ቀስ እያለ እንደሚወጣ አውቀዋል። የጎደላቸው በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ አንታጠብ ነው የምትሉን?» ይሉን ይሆናል። አይደለም። ንጽሕና ሌላ ነው፤ የላመ ልብስና ያልታጠበ ገላ በጽጌረዳም በአደስም አይሸፈንም። ደግሞም በጠባብ የትምህርት ክፍል ውስጥ ሽቶን በጠርሙስ አፍስሶ መምጣት ጐረቤትን መበደል ነው፤ ራሱን የሚያመው አለ፣ አስም ያለበት አለ። እኛ የምንቃወመው የእናት ቤትን ጠረን ከቆሻሻ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠርን ነው። በአምስት ሌሊት የጻፍነውን ወረቀት ስናየው «ጥሩ» ብለን የመሰከርነው በአብዛኛው ልጅ ሳለን ለለመድነው ነገር ነው። የሐረሩ ልጅ ዑድን የወደደው ሠርግ ስላስታወሰው ነው፤ የጎጃሙም ልጅ «በረት» ብሎ ሲጽፍ ስድብ አልነበረም፤ በረት ይናፍቀዋልና። እኛ የሣቅነው በቅቤ አልነበረም። ከሩቅ መምጣቱን ነበር የሣቅንበት።

ሽቶ መግዛት ለሚፈልግ ጓደኛ የምንመክረው ጥቂት ነው። ክዳኑን አሽትተህ አትግዛ። አንድ ጠብታ እጅህ ላይ አድርገህ አንድ ሰዓት ተዘዋውረህ ተመለስ። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አታሽትት፤ አፍንጫ ይደክማል። ለጓደኛህ ያማረበት ላንተ ላይሆን ይችላል፤ ያንተም ለእርሱ። ለራስህ ሲጠፋብህ አትጨምር፤ ላንተ ጠፋ እንጂ ለጐረቤትህ አልጠፋም። ከሁሉም በላይ የምግብህን ገንዘብ ለጠርሙስ ጽሕፈት አትስጥ።

ሰውን በሚመለከት ግን ምክራችን ይህ ነው። አንድ ብልቃጥ ዘይት ከመፍረዳችን በፊት አንድ ሌሊት ከሰጠነው፣ ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው የምንሰጠው ጊዜ ከዚያ ሊያንስ አይገባም። እኛ ለጓደኛችን አንድ ደቂቃ እንኳ አልሰጠነውም ነበር፤ በዚህ መጽሔት ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ጋቢው ዛሬ ከሻንጣ ወጥቶ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጥሎ ሌሊቱ ሲበርድ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ተነሥቶ መስኮቱን የከፈተው ጓደኛችን ማንንም ሳይጠይቅ ተከናንቦት ተኛ። በመጪውም ዓመት አዲስ ተማሪ ከነጋቢው ሲያንኳኳ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ መስኮቱን ከመክፈታችን በፊት በሩን እንክፈትለት።